ቆዳ አንባቢው አያ ይመር

አያ ይመር ገሰላ አይተው አያውቁም። ባለፈው ወር መርሳ ላይ ለቅሷቸው ተቀምጬ ሳለ ሦስት ሰዎች በየተራ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ተቃራኒውን ነገሩኝ። አንደኛው «ገሰላውን በዐይናቸው ያዩት እኮ እርሳቸው ብቻ ናቸው» አለኝ። ሁለተኛው የአውሬው ዐይን እንደ ፋኖስ ያበራ እንደነበር ከራሳቸው አፍ ሰምቻለሁ ብሎ ማለ። ሦስተኛው ከአዲስ አበባ የመጣ የሩቅ ዘመድ ነው፤ ከገሰላው ጋር ተፋጥጠዋል አሉ ብሎኝ፣ ሰው ስለ አውሬው የሚያወራውን በስልኩ ሲቀዳ ዋለ። ሟቹ በምን ሥራ እንደኖሩ ግን አንድም ሰው አልጠየቀም።

ሦስቱም ተሳስተዋል። አያ ይመር ሰባ ዓመት ሲኖሩ ገሰላ አላዩም። አላየሁም ብለው ተናግረዋል፤ አየሁ የሚለውንም አንድ ቀን አላመኑም። ስማቸው ከአውሬው ጋር እንዴት እንደተጣበቀ አውቃለሁ፤ ሲጣበቅ እዚያው ነበርኩ።

ሰውየው ቆዳ ገዢ ነበሩ። ሱቃቸው መርሳ ላይ፣ ከወልዲያ ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት ዳር ያለች የቆርቆሮ ቤት ናት። ጨው የተነሰነሰበት ቆዳ እስከ ጣሪያዋ ተከምሮባት ስለሚውል አውቶቡስ አጠገቧ ሲቆም ተሳፋሪው መስኮት ይዘጋል። አጠገቧ ባለችው ሲሪንቃ እሠራ በነበረበት ጊዜ ከግቢያቸው አንዲት ክፍል ተከራይቼ አራት ዓመት ኖሬአለሁ። ሽታውን በሁለት ሳምንት ለመድኩት። አያ ይመርን ለመልመድ ከዚያ በላይ ፈጀብኝ፤ ምክንያቱም እኔ የማወራውን ሁሉ «ማን አየ?» እያሉ ያቋርጡኝ ነበር።

ቆዳ ሲመጣላቸው ፀጉሩን አያዩም። ገልብጠው በሥጋው በኩል ያነጥፉታል፤ መነጽራቸውን ያወልቃሉ፤ ከዚያ አውራ ጣታቸውን ከአንገት እስከ ጭራ ቀስ አድርገው ይነዱታል። «ይቺ ክረምቱን በረሃብ ነው ያለፈችው» ይላሉ። «ይሄኛው ቀንበር ይጠበው ነበር።» «ይቺን ለሳል ተኩሳችኋታል። ሳል በብረት ይድናል ያላችሁ ማነው?» ባለቆዳው ይደነግጣል፤ የበሬውን ታሪክ ከእርሱ ሌላ የሚያውቅ ያለ አይመስለውም ነበር። እኔ ብዙ አነብባለሁ የምል ሰው ነኝ። እንደዚያ ዝግ ብሎ የሚያነብ ሰው ግን በየትኛውም ቤተ መጻሕፍት አላየሁም።

ከሁሉም የሚያበሳጫቸው የገፋፊ ቢላ ነበር። ቆዳው ላይ ጭረት ካዩ ያመጣውን ሰው ቀና ብለው አይተው «ከብቷን አረድካት፣ እሺ። ቆዳዋ ምን አደረገችህ?» ይላሉ። የገፋፊ እጅ ከሰው ሰው ይለያያል፤ እንደ እጅ ጽሕፈት ነው ይሉ ነበር። ጥድፊያ ያለበትን፣ ቢላው የደነዘበትን፣ ጠጥቶ የሚገፍፈውን ሳይነገራቸው ያውቃሉ። በመርሳ አካባቢ በበዓል እየዞረ የሚያርድ ደምሴ የሚባል ግራኝ ሰው ነበር። እሱ ሁልጊዜ ከግራ ብብት ሥር እንደ ማጭድ የጎበጠች አንዲት ቁርጥ ይተዋል። በየፋሲካው «ደምሴ፣ ያቺን ማጭድህን ዘንድሮም አልጣልካትም?» ይሉታል። ደምሴ ይስቃል፤ በቀጣዩ በዓልም ይደግማታል።

ስለ ገሰላ የምታውቁትን ለመድገም ያህል፦ ጥቁር ነው፣ ከነብር ይበልጣል፣ ቤት ይዘልላል፣ ጉሮሮ በጥሶ ደም ብቻ ይጠጣል። እንደ ሌላው ተራኪ ደግሞ ደም አይነካም፤ ልብ ብቻ ይበላል። ከመርሳ በስተምዕራብ ካለው ተራራ በየክረምቱ አንድ ሰው በጆንያ የተቦጫጨቀ ፍየል ቆዳ ይዞ ይወርዳል። አንዱን አልረሳውም።

«አያ ይመር፣ ገሰላ ነው።»

«አየኸው?»

«ጎረቤቴ አይቶታል።»

«ጎረቤትህን ጥራልኝ።»

«እሱም የሰማው ከአማቹ ነው።»

«እንግዲያው ቆዳውን ስጠኝ። እሱ እዚያው ነበር።»

አነጠፉት። ጣታቸውን ጉሮሮው ላይ ባሉት ቀዳዳዎች እያስገቡ ለኩ። «ነብር ነው። ያረጀ ነብር፤ አንደኛው ክራንቻው ተሰብሯል። ፍየሎችህን ከቤት አሳድራቸው፤ ማደን ሲያቅተው ወደ ሰው መንደር የሚጠጋ ነው» አሉት። ሰውየው እንደተዘረፈ ሰው ተኮሳትሮ ሄደ። ፍየሉን ተራ ነብር መብላቱ የቤቱን ክብር ዝቅ ያደረገበት ይመስል ነበር።

እኔ ያነበብኩትን ላካፍላቸው ብዬ፣ ጥቁር ነብር በእርግጥም አለ፣ ነብር ሆኖ ቀለሙ የጠቆረ ነው አልኳቸው። አሰቡበትና «እንግዲያማ ነብር በሉት» አሉኝ። ነብርን ያከብሩት ነበር። «ነብሩ የበላውን ነው የሚጠየቀው። ሌላው የበላውን ለምን ይከፍላል?» ይሉ ነበር። ያን ጊዜ ነገሩን እንደ ቀልድ ሰማሁት።

ጦርነቱ ሲመጣ እኔ ከሚሸሸው ጋር ወደ ደሴ፣ ከደሴም ወደ ፊት ሸሸሁ። አያ ይመር ቀሩ። «ቆዳ ተሸክሜ የት እደርሳለሁ?» አሉ። መንገዱ ሲከፈት ተመለስኩ። መርሳ የምታሳዝን ነበረች፤ ይህን ብዙ ሰው ጽፎታል። ያልተጻፈው የገሰላው መብዛት ነው። ከጦርነቱ በፊት በክረምት አንዴ፣ ያውም በአማች በኩል ብቻ ይታይ የነበረው አውሬ፣ እኛ በሌለንበት ጊዜ በየበረቱ ገብቶ ነበር። የከባድ መሣሪያ ድምፅ ከተራራው አባሮት ነው ተባለ። እጅግ መራጭ አውሬ ነው። ያረጀ በሬ አይነካም፤ ጊደርና ወይፈን ይለያል። አንድ ቤት ቁልፍ ሰብሮ ጤፍ በጆንያ ወስዷል። ሌላ ቤት የፀሐይ መብራቱን ነቅሎ ሄዷል።

አንባቢ እዚህ ላይ «ታጣቂዎቹ ናቸው የወሰዱት እንጂ» ይል ይሆናል። አብዛኛውን የወሰዱት እነርሱ ናቸው፤ ይህንንም ሁሉም ሰው በግልጽ ያወራ ነበር። ታጣቂ በላው ማለት መንደሩን አያሳፍርም። ገሰላው የሚጠራው ሌላ ጥያቄ ሲመጣ ነበር፦ በረቱን ማን አሳያቸው? ማን አረደላቸው? እነርሱ የተዉትን ማን ወሰደው? ለዚህ ጊዜ ከጥቁር አውሬ የተሻለ ጎረቤት የለም፤ አይጠየቅም፣ አይመሰክርም፣ በበዓል ፊት ለፊት አይገጥምም።

ከተራራው ሥር ባለች መንደር ዘሐራ የምትባል ባልዋ የሞተባት ሴት ትኖራለች። አራጋው የሚባል ደኅና ይዞታ ያለው ሰው አንዲት ዳልቻ ላም በርቢ ሰጥቷት ነበር። ርቢ ማለት የሌላ ሰው ከብት አርብቶ ወተቷንና የምትወልደውን መካፈል ነው። ሕጉ የቆየና የታወቀ ነው፤ ከብቷ ከሞተች ጠባቂዋ ቆዳዋን ለባለቤቷ ታሳያለች። ቆዳው ላይ የአውሬ ጥርስ ካለ ጠባቂዋ ነፃ ናት። ቢላ ብቻ ካለ አርዳ በልታለች። ይህን ሕግ ያወጡት አባቶች ጦርነት አላሰቡም ነበር።

አራጋው ከቤተሰቡ ጋር ሸሸ። ዘሐራ ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ ማሽላ ውስጥ ተደበቀች። ተኩስ ሰማች። በነጋታው ስትወጣ ላሚቱ የለችም፤ ቆዳዋ አጥሩ ላይ ተወርውሯል። ማን እንደገፈፋት አላየችም። ለወጥ የቀራትን ጨው አንስታ ቆዳው ላይ ነሰነሰችና አጣጥፋ አስቀመጠችው፤ ባለቤቱ ሲመለስ ማሳየት አለባትና። ያንን ሁሉ ጊዜ ከልጆቿ ጋር አልጫ በላች። አራጋው ተመለሰ፤ ቆዳውን አየ፤ ቢላውን አየ፤ «አርዳ በልታለች» አለ። ከቅሬ ትውጣልኝ ብሎም ከሰሳት።

ቅሬ ወሎ ውስጥ ምን እንደሆነ ለማያውቅ፦ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ የሚቀባበርበት ማኅበር ነው። ከቅሬ የወጣ ሰው ቢሞት መቃብር የሚቆፍርለት የለም፤ በሕይወት እያለም እሳት የሚጭርለት የለም። ሁለት ሴት ልጆች ያሏት መበለት ከቅሬ ወጣች ማለት ልጆቿን የሚያገባ፣ እሷን የሚቀብር፣ ማሳዋን የሚያርስ ጠፋ ማለት ነው።

የቅሬው ዳኛ አያ ሙሄ ደግ ሰው ናቸው። ሰው የሚፈጀውን ሥራ የሚሠሩት አብዛኛውን ጊዜ ደጎች ናቸው ብዬ የማምነው ከዚያን ቀን ወዲህ ነው። ዘሐራን አስከትለው፣ ቆዳውን አስይዘው ወደ አያ ይመር ሱቅ መጡ። እኔ በር ላይ ተቀምጬ ነበር።

«አያ ይመር፣ የምንፈልገው አንዲት ቃል ነው» አሉ አያ ሙሄ። «ገሰላ ነው በሉን። እርስዎ ካሉ ማንም አይከራከርም። ይቺ ልጅ ትድናለች፣ አራጋውም አያፍርም፣ አገር ይታረቃል።»

አያ ይመር ቆዳውን አነጠፉ። ጣታቸው ከጆሮው ኋላ ቆመ። «ይሄ የጥይት ቀዳዳስ?»

«ጥርስ ይበሉት።»

«ባለ አንድ ጥርስ ገሰላ።»

«አያ ይመር፣ እንግዲህ አይቀልዱብን።»

«ቀልዱን ያመጡት እርስዎ ነዎት።»

ዘሐራ ከደጃፉ ላይ ሆና «አያ ይመር» አለች፤ «እኔ እውነቱን ብናገር ማን ይሰማኛል? እርስዎ ግን ሐሰቱን ቢናገሩ ያምኑዎታል። ለልጆቼ ሲሉ ገሰላ ይበሉልኝ።»

ጣታቸው ቆዳው ላይ ሄዶ ሄዶ ከግራው ብብት ሥር ደረሰና ቆመ።  ቀና ብለው «ዘሐራ፣ ገሰላ ብል ዘንድሮ ትድኛለሽ» አሏት። «ለከርሞ ያው ሰው የማንን ላም ገፍፎ በማን አጥር ላይ እንደሚወረውር ታውቂያለሽ? ቆዳውን ተይልኝ። እሑድ ይዤው እመጣለሁ።»

«ምን ሊሉ?»

«ያነበብኩትን።»

አያ ሙሄ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሄዱ። ዘሐራ እያለቀሰች ተከተለቻቸው፤ የመጨረሻ ተስፋዋን ያጣች መስሏት ነበር። እኔም በልቤ ግትር ሽማግሌ ብዬ ረገምኳቸው። ምን ነበረበት አንዲት ቃል ቢሉ?

እሑድ ቅሬው ከሾላው ሥር ተሰበሰበ። አያ ይመር ቆዳውን በትከሻቸው ተሸክመው መጥተው መሐል አነጠፉት። አራጋው ከፊት ተቀምጧል። ታናሽ ወንድሙ ደምሴ ከኋላ ቆሟል። ግራኙ ገፋፊ የአራጋው ወንድም መሆኑን እኔ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ መንደሩ ግን ከእኔ በፊት ያውቅ ነበር።

አያ ይመር ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ይቺ ላም የተመታችው በጥይት ነው። ይኸውላችሁ፣ ጣታችሁን አስገቡ። አውሬ አልነካትም፤ ነብርም ብትሉ፣ ጅብም ብትሉ፣ ሌላም ብትሉ። የገፈፋት ልምድ ያለው ሰው ነው። እግሯ ላይ ያለውን አቀዳደድ እዩት፤ ይሄ የሴት የችኮላ ሥራ አይደለም። ዘሐራ ዶሮ እንኳ የምታሳርደው ጎረቤት ለምና ነው። ደግሞ የገፈፋት ሰው ግራኝ ነው። ከብብቷ ሥር እንደ ማጭድ የጎበጠች ቁርጥ አለች። ይህችን ቁርጥ ሃያ ዓመት አይቻታለሁ።»

አንድ ሰው ከመሐል «ስም ይጥሩ» አለ።

«እኔ ቆዳ ነው የማውቀው። ስሙን እናንተ ታውቁታላችሁ። በየበዓሉ ቅርጫችሁን የሚያርድላችሁ ማነው?»

ደምሴ ግራ እጁን ጋቢው ውስጥ ከተተ። ሁሉም አየው። አራጋው ወደ ኋላ ዞሮ ወንድሙን ተመለከተና ዐይኑን መሬት ላይ ተከለ። ደምሴ መናገር እንዳለበት ሲገባው «ጠመንጃ ደግነውብኝ ነው» አለ።

«ይሆናል» አሉ አያ ይመር። «ቢላውን ደግነው አስይዘውህ ይሆናል፤ እኔ አልፈርድብህም፤ እኔም ፈርቼ ሱቄን ዘግቼ ነበር። ዛሬስ፣ ዘሐራ ከቅሬ ትውጣ ሲባል ዝም ስትል፣ ማን ነው የደገነብህ?»

 እዚያ ከተቀመጥነው መካከል ይህ ጥያቄ የማይመለከተው ሰው ጥቂት ነበር። ያ ቤት የወሰደውን ጆንያ፣ ይሄኛው ቤት የነቀለውን የጎረቤቱን ቆርቆሮ ያውቃል። ዛሬ ግራኙ ከተጻፈ ነገ ቀኝ እጅ ያለው ሁሉ ሊጻፍ ነው። ሽማግሌዎቹ ፈንጠር ብለው መከሩ፤ ቆዩም። ተመልሰው ሲቀመጡ የቅሬው ጸሐፊ ተነሥቶ አነበበ።

«የአቶ አራጋው ላም በገሰላ መበላቷን ቆዳ ዐዋቂው አያ ይመር አይተው ስላረጋገጡ፣ ወይዘሮ ዘሐራ ከጥፋት ነፃ መሆናቸውን ቅሬው ወስኗል።»

አያ ይመር የሰሙትን ያላመኑ መሰሉ። «እኔ እንዲህ አላልኩም» አሉ።

«ያሉትን ሰምተናል፣ አያ ይመር» አሉ አያ ሙሄ በለሆሳስ። «የተጻፈው ለሰላም ነው።»

«ለሰላም ከሆነ የራስዎን ስም ይጻፉበት። የኔን ለምን?»

«የእርስዎ ነው የሚታመነው።»

ይህን ያህል ሐቀኛ መልስ ከአንድ ሐሰተኛ ውሳኔ ጋር ተያይዞ ሰምቼ አላውቅም። ሰባ ዓመት ሐሰት ስላልተናገሩ፣ ሐሰቱን የሚሸከምላቸው ሲፈልጉ እርሳቸውን መረጡ። ሁሉም አጨበጨበ። ዘሐራ ድናለች፣ አራጋው አላፈረም፣ ደምሴ እጁን ከጋቢው አወጣ። እኔም ነበርኩ። ዝም አልኩ። ዘሐራ ከዳነች ምን ቀረ ብዬ ራሴን አሳመንኩ፤ የተማረ ሰው ራሱን ለማሳመን ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም።

የቀረው አያ ይመር ነበሩ። ሕዝቡ አልጣላቸውም፤ ሰላምታም አልነፈጋቸውም። ቆዳውን ብቻ ወደ ወልዲያና ወደ ሐራ ይዞት መሄድ ጀመረ። ማን ነው የጎረቤቱን እጅ ለሚያነብብ ሰው ቆዳ የሚያቀርበው? የተረፋቸው የጨው ጆንያና አንድ አዲስ ቅጽል ነበር፦ «አያ ገሰላው»። ከዚያ የታሪኩ እግር ረዘመ። አይተው አረጋገጡ የሚለው በዐይናቸው አዩት ሆነ፤ በዐይናቸው አዩት የሚለው ተፋጠጡ ሆነ። አስፋልቱ ዳር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ላገኙት ሰው ሁሉ ያስተባብሉ ነበር። አንድ ሹፌር መኪናውን አቁሞ «አያ፣ ገሰላው ስንት ክንድ ይሆን ነበር?» ሲላቸው ሰምቻለሁ። «የደምሴን ያህል» አሉት። ሹፌሩ ምንም ሳይገባው ስቆ ሄደ።

ሦስት ጊዜ ወደ ቅሬው ሄደው ስማቸው ከወረቀቱ እንዲወጣ ለመኑ። በሦስተኛው አብሬአቸው ሄጄ ነበር። አያ ሙሄ በአክብሮት ተነሥተው አስቀመጡንና «ዛሬ ያንን ወረቀት ብንነካው ዘሐራም ትነካለች» አሏቸው። አያ ይመር በመንገድ ላይ «አየህ፣ እሷን መያዣ አድርገውብኛል» አሉኝ። ከዚያ በኋላ አልሄዱም። ስኳራቸው ጠናባቸው፤ እግራቸው ቆሰለ፤ ባለፈው ወር ዐረፉ። ቅሬው ወጥቶ በክብር ቀበራቸው። መቃብሩን ከቆፈሩት መካከል ደምሴ ነበር፤ ላቡ ጠብ እስኪል ቆፈረ። ይህን የምጽፈው ሰውየው ክፉ እንዳይመስላችሁ ነው። ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀልል ነበር።

ለቅሶው ላይ ያ ከአዲስ አበባ የመጣው ዘመድ ስለ ገሰላው ዐይን ሲቀዳ ዘሐራ ከሴቶቹ መሐል ተነሥታ ወደ እኔ መጣች።

«ወንድሜ፣ ይሄ ልጅ ምንድነው የሚቀዳው?»

«ገሰላውን።»

«እኔን ለምን አይቀዳኝም?»

«ምን ትይዋለሽ?»

«እኔን ያዳነኝ አውሬ አይደለም እለዋለሁ። ወላሂ፣ አውሬ ሰው አያድንም። ያዳነኝ ይመር ነው፤ እኔ ሐሰት ለምኜው እሱ እውነቱን ተናግሮልኝ። ይህን በቅሬ ሁለት ጊዜ ተናግሬአለሁ። አንቺ ነፃ ነሽ፣ ሌላ ምን ፈለግሽ ይሉኛል።» ነጠላዋን አስተካከለችና ፊት ለፊት አየችኝ። «አንተ ጽሑፍ ታውቃለህ። የዚያን ቀን እዚያው ተቀምጠህ ነበር። ምን አልክ?»

ምንም እንዳላልኩ ነገርኳት። አልተቆጣችኝም፤ ራሷን ነቅንቃ ወደ ሴቶቹ ተመለሰች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ወረቀቱ ዛሬም ቅሬው ሣጥን ውስጥ ነው፤ ስማቸውም ውስጡ አለ። እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በመርሳ ስታልፉ አንድ ሰው ገሰላውን ስላዩት ስለ አያ ይመር ማውራት ከጀመረላችሁ፣ አትሳቁለት፣ አትቅዱት፣ አጀብም አትበሉለት። «ላሚቱን የገፈፋት ማነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ስሙን እስኪነግራችሁም ከተቀመጣችሁበት አትነሡ።